ከትምህርት ቤት ግቢ እስከ ቢሮ የሚከተለን ድምፅ

 

ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ቀርተው የሚያናግሩኝ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ወሬያቸውን የሚጀምሩት «ኡስታዝ፣ ሰነፍ ሆኛለሁ» በማለት ነው። ስብሰባ ላይ አፋቸውን መክፈት ያቅታቸዋል። አለቃቸው «አንዴ ቢሮ ና» ሲላቸው ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ሆዳቸው ይገለባበጣል። የዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ሳይወዳደሩ ያልፋሉ። የላኩትን ሪፖርት መልሰው መላልሰው ከፍተው ያያሉ። «ኢማኔ ደክሞ ይሆን?» ይሉኛል። ትንሽ ካወራን በኋላ ግን ወሬው ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደናል፤ ወደ 4ኛ ክፍል፣ ወደ 6ኛ ክፍል፣ በእረፍት ሰዓት ብቻቸውን ጥግ ይዘው ወደሚቆሙበት ግቢ።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ግቢ ነው። በልጅነት የደረሰብን ጥቃት ካደግን በኋላ በአእምሮ ጤናችንና በሥራችን ላይ ምን እንደሚሠራ እንይ።

«ቡሊንግ» ለሚባለው ነገር እኛ አንድ ቁርጥ ያለ ስም የለንም። እንደ በደል የማይቆጠረውም በከፊል ስም ስለሌለው ይመስለኛል። ፎገራ ይባላል፣ ተረብ ይባላል፣ «የልጆች ጨዋታ» ይባላል። ልጁ ኮልታፋ ከሆነ አነጋገሩን እየደገሙ ይሳቅበታል። ጠቆር ያለችዋ ልጅ በቆዳዋ ስም ይወጣላታል። የአንዱ ምሳ ዕቃ ይከፈታል፣ የሌላው እስክሪብቶ ይወሰዳል። «ስንለቀቅ ጠብቀኝ» የተባለ ልጅ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ የሚያስበው በየትኛው መንገድ ዞሮ ቤቱ እንደሚገባ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አያየውም። አንዳንዴ ደግሞ መምህሩ ራሱ የፈተና ውጤት ጮክ ብሎ እያነበበ ክፍሉን ያስቃል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቀድመው ካጠኑት ሰዎች አንዱ በኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዳን ኦልዌስ ነው። እሱ እንደሚለው ቡሊንግ የሚባለው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው። ሆን ተብሎ ይደረጋል፤ ይደጋገማል፤ ተጠቂው ደግሞ ራሱን ለመከላከል አቅም ያጥረዋል። ሦስተኛው ላይ ቆም በሉልኝ። ጓደኛሞች ሲፎጋገሩ አንዱ ለሌላው ይመልሳል፤ ሲበዛበትም ተነስቶ ይሄዳል። መመለስም መሄድም የማይችል ልጅ ግን እየተጫወተ አይደለም።

በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ ከልክሎ፣ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ደግሞ ለብቻው አንስቶ ይከለክላል። ብዙዎቻችን ይህን አንቀጽ በልጅነታችን ሐፍዘነዋል። ቅጽል ስም ለምን ለብቻው ተነሳ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጡጫው ያኔውኑ ያልቃል፤ ስሙ ግን አብሮ ያድጋል። ሰውዬው 30 ዓመት ሞልቶት፣ አግብቶ ወልዶ፣ የድሮ የክፍል ልጆች የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲገባ የሚቀበለው ያው ስም ነው። የሳቅ ምልክት ይደረደራል። እሱም የሳቅ ምልክት ይልካል፤ ከዚያ የግሩፑን ድምፅ ያጠፋዋል።

«ያድጉና ይረሱታል» የሚለውን አባባል ለመፈተሽ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት መከተል ይጠይቃል። ብሪታኒያ ውስጥ ይህ ተደርጓል። እ.ኤ.አ በማርች 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የተወለዱ ልጆች ተመዝግበው ሕይወታቸው በየጊዜው ሲጠና ኖሯል። ልጆቹ 7 እና 11 ዓመት ሲሆናቸው ወላጆቻቸው «ልጃችሁን ሌሎች ልጆች ያጠቁታል?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች የ7,771 ሰዎችን መረጃ ወስደው እነዚያ ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ ምን ላይ እንደደረሱ አዩ፤ ጥናቱም በ2014 ወጣ። ከልጆቹ 28 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 15 በመቶው ደግሞ በተደጋጋሚ ተጠቅተው ነበር።

በተደጋጋሚ የተጠቁት በ45 ዓመታቸው በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቁት ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። የጭንቀት ሕመምም፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም በእነሱ ላይ በዝቶ ታየ። 50 ዓመት ሲሞላቸው በተሰጣቸው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። የትምህርት ደረጃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ወንዶቹም ሥራ አጥ የመሆናቸውና አነስተኛ ደመወዝ የማግኘታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር። ሲቸገሩ የሚደገፉበት ሰውም ያንሳቸዋል። «ድህነት ይሆናል እንጂ» እንዳይባል፣ ተመራማሪዎቹ የቤተሰቡን ኑሮ ደረጃ፣ ልጁ በልጅነቱ የነበረውን የአእምሮ ብቃትና ቀድሞ የነበረበትን የስሜት ችግር ጭምር በስሌታቸው ውስጥ አስገብተዋል። ግንኙነቱ ከዚያ በኋላም አልጠፋም።

ይህን አንብባችሁ «አለቀልኝ» እንዳትሉ። ከተጠቁትም ውስጥ ብዙዎቹ ድብርት አልያዛቸውም። ቁጥሩ የሚነግረን ቁስሉ እውነተኛ መሆኑን ነው፤ የማንንም መጨረሻ አይነግረንም።

አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና 1,420 ልጆችን የተከታተለ ሌላ ጥናትም አለ። በልጅነታቸው የተጠቁት በሃያዎቹ አጋማሽ ሲደርሱ አንድ ሥራ ላይ መቆየትና ገንዘብ መቆጠብ ሲያስቸግራቸው ታይቷል። ከሁሉም የባሰ ችግር ውስጥ የተገኙት ግን ሁለቱንም የነበሩት ናቸው፤ ተጠቅተው፣ መልሰው ሌላውን ያጠቁ። እዚህ ላይ ስንቶቻችሁ አንድ የምታውቁትን አለቃ እንዳሰባችሁ እገምታለሁ። በሠራተኛ ፊት የሚጮህ፣ ሰው አዋርዶ የሚስቅ አለቃ ሁሉ በልጅነቱ ተመትቷል ማለቴ አይደለም። ግን አንዳንዱ በልጅነቱ «ወይ ትመታለህ ወይ ትመታቸዋለህ» የሚል ትምህርት ተምሮ፣ ያንኑ ይዞ ቢሮ የገባ ነው።

ታዲያ የ10 ዓመት ልጅ ላይ የደረሰ ነገር የ30 ዓመት ሰው ሥራ ውስጥ እንዴት ይገባል? በየቀኑ የሚጠቃ ልጅ አንድ ነገር በደንብ ይማራል፤ ፊት ማንበብ። ማን እየመጣ ነው? ማን ሳቀ? በእኔ ይሆን? ዝም ብል ያልፉኛል? ጥያቄ ከመለስኩ ይስቁብኛል? ይህ ጥንቃቄ ያኔ ትክክል ነበር፤ ልጁን አትርፎታል። ችግሩ ግቢው ሲቀየር ጥንቃቄው አለመቀየሩ ነው። አሁን ስብሰባ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተንሾካሹከው ፈገግ ሲሉ ልቡ ይመታል። አእምሮው ግማሹን ጉልበት ፊት በማንበብ ይጨርሰዋል፤ ለሥራው የሚቀረው ግማሹ ነው። ከዚያ «ትኩረት የለህም» ይባላል።

ሰውነትም ይለወጣል። በእንግሊዝና በዌልስ በተካሄደ የመንትዮች ጥናት፣ ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ የተጠቃባቸውና ሌላው ያልተጠቃባቸው ተመርጠው፣ 12 ዓመት ሲሆናቸው አስጨናቂ ፈተና ተሰጣቸው። ያልተጠቃው መንታ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን እንደሚጠበቀው ጨመረ፤ የተጠቃው ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም። በዘር አንድ ናቸው፣ ያደጉትም በአንድ ቤት ነው። ስለዚህ «ተፈጥሮዬ ነው» የምትሉት ሁሉ ተፈጥሯችሁ ላይሆን ይችላል።

ሥራ ላይ ደግሞ መልኩ ብዙ ነው። አንዱ ዝም ይላል። ሌላዋ «አይሆንም» ማለት አትችልም፤ የባልደረቦቿን ሥራ ሁሉ ተሸክማ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከቢሮ ትወጣለች፤ ሰው እንዳይጠላት ትፈራለች። አንዱ ትንሽ ሲተች ያን ሥራ ትቶ ሌላ ይፈልጋል፤ በ3 ዓመት ውስጥ 4 መሥሪያ ቤት ይቀይራል። አንዷ ስህተት እንዳይገኝባት ስትፈራ ሥራውን ሳትጀምር ቀኑ ይደርሳል። ይህችኛዋን ነው ሁላችንም «ሰነፍ» የምንላት፤ እሷም ራሷን እንዲሁ ትጠራለች። እህቴ ሆይ፣ ሰነፍ ሰው ባልሠራው ሥራ ሌሊቱን ሲገላበጥ አያድርም።

«ኢማን ያለው ሰው እንዲህ አይፈራም» ለሚሉ ደግሞ የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ቀስ ብለው እንዲያነቡ እጋብዛለሁ። አላህ ወደ ፊርዐውን ሲልካቸው ምን አሉ? በሱረቱል ሹዐራእ እንደተነገረን፣ ያስተባብሉኛል ብዬ እፈራለሁ፣ ደረቴ ይጠብባል፣ ምላሴም አይፈታልኝም ብለው ለጌታቸው አስታወቁ። የደረት መጥበብና የምላስ መያዝ! ዛሬ ሐኪም ፊት ቀርቦ ጭንቀቱን የሚናገር ሰው ከዚህ የተለየ ነገር አይናገርም። የሚላኩበትም ሰው እንግዳ አልነበረም። ሕፃን ሆነው ያሳደጋቸው፣ ፊቱ ሲቆሙም መጀመሪያ ያነሳባቸው ልጅነታቸውን የሆነ፣ በኋላም ንግግሩን እንኳ መግለጽ የማይችል ብሎ በሕዝብ ፊት የተሳለቀባቸው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የተሰጣቸውን መልስ ተመልከቱ። ፍርሃታቸው እንደ ኢማን ጉድለት አልተቆጠረባቸውም። ከጠየቁት መካከል እነዚህ አሉ፤ ደረታቸው እንዲሰፋ፣ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ፣ ወንድማቸው ሃሩን አብሯቸው እንዲሆን። በሱረቱ ጣሃ እንዳለው የጠየቁት ተሰጣቸው። ዱዓ አደረጉ፤ ከዱዓቸው ውስጥ ግን አንዱ የሰው እርዳታ ነበር። የላቀ አንደበት ያለውን ሰው ስሙን ጠርተው ጠየቁ። እኔ ይህ ክፍል ከብዙ የማነቃቂያ ንግግር ይበልጥብኛል።

አነስ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ ሆነው 10 ዓመት ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን «ኡፍ» እንኳ እንዳልተባሉ፣ ስለሠሩት «ለምን ሠራኸው»፣ ስላልሠሩትም «ለምን አልሠራኸውም» እንዳልተባሉ ይናገራሉ። አሠሪም መምህርም የሆነ ሰው ይህን ሐዲስ ቢሮው ውስጥ ቢሰቅለው ደስ ይለኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘውትረው ሲያደርጉት የሰሙትን አንድ ዱዓ ያስተላለፉልንም እኚሁ አነስ ናቸው። በዱዓው ውስጥ ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከአቅም ማጣትና ከስንፍና፣ ከፍርሃትና ከስስት፣ ከዕዳ ጫናና ከሰዎች መጨቆን በአላህ መጠበቅ በአንድነት ተደርድሯል። ዝርዝሩን ከብሪታኒያው ጥናት ጋር አስተያዩት። የሰው ጭቆና፣ ሐዘኑ፣ ሥራ ላይ አቅም ማጣቱ፣ የገንዘብ ችግሩ፤ እኛ ለየብቻ የምናያቸው ናቸው፣ ዱዓው ግን አንድ ላይ ያነሳቸዋል። በዐረብኛው ካላወቃችሁት የአካባቢያችሁን ኡስታዝ ጠይቁና ሐፍዙት። ሥራ ከመግባታችሁ በፊት በሉት።

ዱዓ እያደረጋችሁ ደግሞ የሚከተለውን ሞክሩ። ከስብሰባ በፊት የምትፈሩትን በአንድ መስመር ጻፉ፤ «ብናገር ይስቁብኛል»። ስብሰባው ሲያልቅ ከሥሩ የሆነውን ጻፉ፤ «ጠየቅኩ፣ መለሱልኝ፣ አልፎ ሄደ»። ለአንድ ወር ያህል ይህን ብታደርጉ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርላችኋል። ይህ በንግግር ሕክምና ውስጥ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ነው። አለቃችሁ «ቢሮ ና» ሲል «እሺ፣ ስለ ምን ጉዳይ ነው? ተዘጋጅቼ ልምጣ» ማለት ነውር የለውም። የምታምኑት አንድ ባልደረባ ካለ ደግሞ ንገሩት፣ ስብሰባ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሃሩናችሁ እሱ ነው።

እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ የማይላችሁ ከሆነ፣ ከአልጋ መነሳት ተራራ ከሆነባችሁ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንዳላወረደ ነግረውናል። ይህ ከአንገት በላይ ላለው በሽታ አይሠራም ያለ ዓሊም አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከተሞችም ብዙዎቹ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ቁርኣን ማስቀራት የፈለገ ሰው ያስቀራ፤ የሐኪም ቀጠሮውን ግን አይሰርዝ። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ብቻችሁንም አትሁኑ። ሐሳቡ ስለመጣባችሁ ወንጀለኛ አይደላችሁም።

«ዐፍው በላቸው፣ ይቅልልህ» የሚል ምክርም ይበዛል። ዐፍው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሕመሙን ለማስካድ የሚቀርብ ከሆነ አይጠቅምም። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ወንድሞቻቸው በልጅነታቸው ጉድጓድ ውስጥ ጥለዋቸው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የግብፅን ግምጃ ቤት የሚያስተዳድሩ ሹም ሆነው ተገናኙ። ወንድሞቹ ማን ፊት እንደቆሙ ሳያውቁ ያንኑ የድሮ ስም ማጥፋት ደገሙት፤ ወንድሙም ቀድሞ ሌባ ነበር አሉ። ቁርኣን የሚነግረን ዩሱፍ ይህን በውስጣቸው ይዘው እንዳልገለጹላቸው ነው። አላመማቸውም አይልም። ይቅርታው የመጣው በኋላ ነው፣ ወንድሞቹ ጥፋታቸውን ሲያምኑ። እናንተም ዛሬ ይቅር ማለት ካልቻላችሁ ጊዜ ወስዳችሁ ተራመዱ።

ይህን እያነበባችሁ ያጠቃችሁትን ልጅ ያስታወሳችሁም ትኖራላችሁ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በውስጥህ ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ ብለው ገሠጿቸው። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው አቡ ዘርንና አገልጋያቸውን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አይቶ ቢጠይቃቸው የነገሩት ይህንኑ ታሪክ ነበር። በአንድ «ይቅርታ» አላለፉትም፤ አኗኗራቸውን ቀየሩ። የእናንተ ደግሞ በስልክ ሊጀመር ይችላል። ሰውዬውን ፈልጉት፤ «ታስታውሳለህ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ያስታውሳል። ያደረጋችሁትን ራሳችሁ ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት። ይቅር የማለት ግዴታ የለበትም፤ አታስጨንቁት። ዲናርና ዲርሃም በማይሠራበት ቀን ከመክፈል ይህ ይቀላል።

ታናናሾች ላሏችሁና ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ለምታስተምሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው የመንትዮች ጥናት ውስጥ፣ ከተጠቁት ልጆች መካከል እናታቸው የምታቀርባቸው፣ ከእህት ወንድሞቻቸው ጋር የሚዋደዱ፣ ቤታቸውም ሰላም ያለው ልጆች ጉዳቱን የተሻለ ተቋቁመውት ተገኝተዋል። እህትና ወንድም ማለት እናንተ ናችሁ። የኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) እግር ቀጭን ነበር። አንድ ቀን ዛፍ ላይ ሳሉ እግራቸው ሲታይ ሰሓቦች ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምን እንደሳቁ ጠይቀው፣ እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። የተናገሩት እዚያው፣ የሳቁት ሰዎች ፊት ነው፤ ኢብን መስዑድን ለብቻ ጠርተው አላጽናኑም።

ልጅ «ማን መታህ?» ሲባል «ማንም» ይላል። እረፍት ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ምሳውን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ሲመለስ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ጠይቁት። መንገድ ቀይሮ ከሆነ ለምን እንደቀየረ ጠይቁት፤ ነገ ጠዋት ደግሞ አብራችሁት ሂዱ።